ቀፎው አሮጌ ቢሆን ግድ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል በጋዜጦች የጨረታ ገጽ ላይ «ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና ልዩ ልዩ የቢሮ ዕቃዎች» የምትል መስመር አትጠፋም። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ በየሕንፃው ደረጃ ሥር ተደራርበው አቧራ የጠገቡ ዴስክቶፖች ያኔ ይወጣሉ። ብዙዎቹ ዞረው ዞረው ምናለሽ ተራ ይደርሳሉ፤ ውስጣቸው ተፈታትቶ ቀፎው፣ ማለትም የብረት ሳጥኑ፣ በላሜራ ዋጋ ይሄዳል። በዚሁ ከተማ ደግሞ የልጆች ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የቤት ካርታና የውል ቅጂ አንድ ፍላሽ ላይ ወይም አንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለበት ቤት ሞልቷል። ያ በላሜራ ዋጋ የሚሸጠው ቀፎ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ ይዞ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የመረጃ ማስቀመጫ ሰርቨር ይወጣዋል። ችግሩ ሰው አሮጌ ቀፎ ሲያገኝ አብሮት የመጣውን ሁሉ ካልተጠቀምኩ ማለቱ ነው። ብረቱ፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) እና ራሙ አሮጌ ቢሆኑ ጉዳት የለውም። ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪኩን ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን) እና ዲስክ ግን አዲስ መሆን አለባቸው። የቤተሰብ መዝገብ ሲጠፋ ያየንባቸው ማሽኖች አብዛኞቹ እነዚህን ሁለቱን ለመቆጠብ የተሞከረባቸው ናቸው።

ከቀፎው ልጀምር። የሚሻለው ክሎን የሚባለው፣ የታወቀ ፋብሪካ ማርክ የሌለው ተገጣጣሚ ነው፤ ኤቲኤክስ ወይም ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለውን መደበኛ መጠን ያለው ማዘርቦርድ ይቀበላል፣ ከፊት ለፊቱም ሁለት ሦስት የሲዲ መክተቻ ይኖረዋል። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ብረታቸው ጠንካራ ቢሆንም ውስጣቸው በራሳቸው ሕግ የሚተዳደር ነው። መደበኛ ፓወር ሰፕላይ ለማዘርቦርዱ ባለ 24 ፒን መሰኪያ ያወጣል፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 የሚጠብቀው ባለ 8፣ ኤችፒ ኢሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ ባለ 6 ፒን ነው። የዲስኩም ኤሌክትሪክ የሚቀዳው ከማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ ለጥቂት ዲስክ ብቻ የታሰበ ነው። ማቀያየሪያ ኬብል አለ፣ ይሠራልም። አንዳንድ የኤችፒ ቦርዶች ግን የራሳቸውን ፋን ወይም የፊት ገመድ ካላገኙ በተነሡ ቁጥር የስህተት መልእክት አውጥተው ሰው ቁልፍ እስኪጫን ይቆማሉ። ስክሪንና ኪቦርድ ለሌለው ሰርቨር ይህ ማለት መብራት በጠፋ ቁጥር መሞት ነው።

ፕሮሰሰሩ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ3 ከሆነ ለዚህ ሥራ ተርፎ ይበቃል። ፔንቲየም 4 በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ። ቀን ከሌሊት 100 ዋት የሚበላ ማሽን በ30 ቀን 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጣሪ ላይ ይጽፋል፤ 40 ዋት የሚበላው 29 አይሞላም።

ትልቁ የዴስክቶፕ ዲስክ 101.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የሚገባበት የሲዲ መክተቻ ግን 146 ገደማ ነው። በየጎኑ የሚቀረውን 22 ሚሊ ሜትር በቀጭን አንጎላሬ ወይም በታጠፈ ላሜራ መሙላት ይቻላል፤ ማንኛውም የብረታ ብረት ቤት ልኩን ከሰጡት ቆርጦ ያወጣዋል። በላሜራውና በቀፎው መካከል የጎማ ቀለበት ይግባ፤ አለዚያ የአንዱ ዲስክ ንዝረት ለሌላው ይተርፋል፣ ሌሊትም ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊት ማዘርቦርዱም ፓወር ሰፕላይውም ዲስኩም ከቀፎው ይውጡ። የብረት ፍቅፋቂ ማዘርቦርድ ሥር ገብቶ ከወር በኋላ ሾርት የሚያደርግበት ጊዜ አለና ቀፎው ተገልብጦ ይራገፍ፣ በብሩሽም ይጠረግ። ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ጋር የማይገጥም የነሐስ እግር ከታች ቀርቶ ከሆነ በፒንሳ ይነቀል። ብሎን አይደባለቅ፦ ትልቁ ዲስክ የሚይዘው ወፍራም ጥርስ ያለውን ሲሆን ትንሹ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ኤም 3 የሚባለውን ቀጭኑን ነው። ወፍራሙን ቀጭኑ ቀዳዳ ውስጥ በካቻቢቴ በግድ ያስገባ ሰው ጥርሱን ልጦ ይቀራል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሥር ዓመት ቢሮ ውስጥ የሠራ ፓወር ሰፕላይ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ደርቀዋል። ማሽኑን ያስነሣል፣ ዊንዶውስም ይከፍታል፤ የሚያወጣው 12 ቮልት ግን የተረጋጋ አይደለም፤ ዲስክ ደግሞ በዚያ 12 ቮልት ነው የሚሽከረከረው። አንድ ትልቅ ዲስክ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ 2 አምፔር ገደማ ይስባል፤ አራቱ አብረው ሲነሡ ወደ 100 ዋት ይጠጋል። ስለዚህ ጥሩ ስም ያለው አዲስ 400 ዋት በቂ ነው። ሳጥኑ ላይ «750 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር አያታልል፤ በጎኑ ካለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፔር እንደሆነ ይነበብና በ12 ይባዛ። 750 ተብሎ 12 ቮልቱ 20 አምፔር ከሆነ ያለው 240 ዋት ነው፤ የቀረው ወሬ ነው።

ኬብሉም እንደዚያው። ገመዱ ከኋላው የሚነቀል ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ከሆነ የሌላውን ማርክ ገመድ መሰካት የተከለከለ ነው። በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም በፓወር ሰፕላይው በኩል ያለው የፒን አቀማመጥ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። 5 ቮልት በሚጠበቅበት 12 ሲገባ ሁሉም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ከድሮው ባለ 4 ፒን መሰኪያ ወደ ሳታ፣ ማለትም ወደ አሁኖቹ ዲስኮች መሰኪያ፣ የሚቀይሩት ኬብሎችም ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ጫፋቸው በቀለጠ ፕላስቲክ የተደፈነው ውስጡ ሽቦዎቹ ተቀራርበው ሾርት ሊያደርጉ ስለሚችሉ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ሽቦው አንድ በአንድ ተጨብጦ የገባበት፣ ከኋላው ተከፍቶ የሚታየው ደኅና ነው። ከውጭ ሃርድ ዲስክ ሳጥን ውስጥ የወጣ ዲስክ ኬብል ተሰክቶለት ጭራሽ ካልዞረ ደግሞ ሞቷል ብሎ ለመጣል አይቸኮል፤ ለአንዳንድ አዳዲስ ዲስኮች 3ኛው ፒን 3.3 ቮልት ማግኘቱ «ተዘግተህ ቆይ» ማለት ነው። ያን ፒን ሙቀት በሚችል ቀጭን ቴፕ መሸፈን ይበቃል። ተራ ናስትሮ ሲሞቅ ስለሚንሸራተት አይሆንም።

የኛ ከተማ ሰርቨር ዋና ጠላቱ ከግድግዳው የሚመጣው ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ በዚያው መስመር ላይ ያለ ሰርቨር ምጣዱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቮልቴጁ ሲወርድና ሲወጣበት ይውላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ከምጣዱና ከፍሪጁ በተለየ መስመር ይሁን፤ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይም አይሰካ። በፒያሳና በአካባቢው አሮጌ ቤቶች ደግሞ ሶኬቱ የመሬት መስመር የለውም፣ ወይም ለስሙ ነው ያለው። ቀፎውን ሲነኩት ነዘር ካደረገ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፦ የፓወር ሰፕላይው ማጣሪያ ካፓሲተሮች መሬት ሲያጡ የ220ውን ግማሽ ያህል ቀፎው ላይ ያስቀምጣሉ። ጅረቱ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይገድልም፤ በዩኤስቢ የሚሰካን ዕቃ ግን ያቃጥላል። መፍትሔው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ መሬት ማስቀበር ነው፤ ቀፎውን በሽቦ ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር መፍትሔ አይደለም።

ስታቢላይዘር ዩፒኤስን፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ፣ አይተካም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለው፤ ይህም በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው፤ በተግባር ግን 50 ዋት ለሚበላ ሰርቨር ባትሪው አዲስ ሳለ ግማሽ ሰዓት ቢሰጥ ነው። ግማሽ ሰዓት ሰርቨሩን ለማሠራት ሳይሆን በሥርዓት ለመዝጋት ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱ የዩኤስቢ መረጃ ገመድ ያለው ይሁን፤ የሌለው ዩፒኤስ መብራት መጥፋቱን ለሰርቨሩ የሚነግርበት መንገድ የለውም። በሶፍትዌሩ ላይ መብራት ከጠፋ 5 ደቂቃ ሲሞላ እንዲዘጋ ይታዘዝ። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ፤ ብዙ የውጭ መመሪያ «ወዲያው ተነሣ» በሉት ይላል። እዚህ መብራት ብልጭ ብሎ ደግሞ ስለሚሄድ «ጠፍተህ ቆይ» የሚለው ይመረጥ፤ አሥር ደቂቃ ተጠብቆ በእጅ ወይም፣ ማዘርቦርዱ ከፈቀደ፣ ከስልክ በኔትወርክ ይነሣል።

አየሩም የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቀዝቃዛ ስለሆነ ይረዳናል፤ የሳሳ አየር ግን ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ያነሰ ነውና «ከተማችን ብርድ ነው፣ ፋን አያስፈልግም» የሚለው አይሠራም። የዲስክ ጭንቅላትም በአየር ትራስ ላይ የሚንሳፈፍ ሲሆን አምራቾች ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትር ድረስ ነው የሚፈቅዱት፤ እንጦጦ አናት ላይ ሰርቨር ሊያቆም ያሰበ ካለ ያስብበት። በከተማው ውስጥ አንድ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ከዲስኮቹ ፊት ሆኖ ወደ ውስጥ ይንፋ፣ ፊቱ ላይም ማጣሪያ ይለጠፍ። አየር በማጣሪያው በኩል ወደ ውስጥ ሲገፋ አቧራ በየስንጥቁ አይሳብም። መንገዱ እየተቆፈረና ሕንፃ እየፈረሰ ባለበት ሰፈር ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ ይራገፍ። የዲስኩ ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ ከዋለ የሆነ ነገር ተዘግቷል።

ዲስክ ሲገዛ በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው ለጥበቃ ካሜራ ተብሎ የሚመጣው ነው፤ ለቤት ማስቀመጫም ያገለግላል። መጠየቅ ያለበት ዲስኩ የሚጽፍበት መንገድ ሲኤምአር (መስመሮቹ ሳይነባበሩ) ነው ወይስ ኤስኤምአር የሚለው ነው። ኤስኤምአር መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ እያነባበረ ስለሚጽፍ፣ አንዱ ዲስክ ተበላሽቶ አዲስ ሲተካ መልሶ መሙላቱ ቀናት ይፈጃል፣ አንዳንዴም መሐል ላይ ይቆማል። ዌስተርን ዲጂታል በቀይ ዲስኮቹ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉት ላይ ይህንኑ መጠቀሙን በይፋ የገለጸው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ባለ 4 ቴራባይቱ በዊንዶውስ 3.63 ብሎ ቢታይ ማጭበርበር አይደለም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ከገዙ በኋላ ዲስኩ የራሱን ጤና የሚመዘግብበት ስማርት የሚባለው ሠንጠረዥ ይከፈት፤ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ዜሮ መሆን አለባቸው። 199 ከጨመረ ዲስኩ ደኅና ሆኖ ኬብሉ ነው የታመመው። ቁጥር 9 የሠራበትን ሰዓት ያሳያል፤ አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር ተፍቆ ዜሮ ሊደረግ ስለሚችል ብቻውን አይታመን፤ ረጅሙ ፍተሻ ይሠራ። ለ4 ቴራባይት ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ሻጩ ቢያንስ የሦስት ቀን መመለሻ ካልሰጠ ሌላ ሱቅ አለ።

ከቢሮ ጨረታ ጋር የመጣ አሮጌ ዲስክ ለቤተሰብ መዝገብ አይሁን። ጨረታ ለሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችም አንድ ቃል፦ ዲስኩን ሳታጠፉ አትሽጡ። ፎርማት ማድረግ ማጥፋት አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ይጻፍበት ወይም ወጥቶ ይቅር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሠራተኛና የባለጉዳይ ፋይል በጨረታ መውጣቱ በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ «ዲስክ የወጣለት» የሚል ሁለት ቃል ቢጨመር ለገዢውም ለሻጩም ይበጃል።

ሶፍትዌሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን የመረጃ ማስቀመጫ ከሚያደርጉት ፕሮግራሞች ኦፕን ሚዲያ ቮልት በነፃ ይገኛል፣ በ4 ጊጋባይት ራም ያለ ችግር ይሄዳል፤ ትሩናስ ቢያንስ 8 ይፈልጋል። ሥርዓቱ ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ይጫን፤ ፍላሽ ላይ የተጫነ ቶሎ ይነድዳል። ራውተሩ 100 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ አንድ ቴራባይት መገልበጥ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ጊጋቢት ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል። ኬብሉ ውስጥ ስምንቱም ሽቦ ካልተገናኘ ጊጋቢት አይመጣም።

መመሪያዎቹ የማያነሱት የኛ ጣጣም አለ። ሊኑክስ ለፋይል ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ለኛ 85 ፊደል ነው። ዊንዶውስ 255 ፊደል ስለሚቀበል «የአያታችን የሰማንያኛ ዓመት ልደት በዓል...» እየተባለ በረጅሙ የተሰየመ ፋይል ወደ ሰርቨሩ ሲገለበጥ ይቀራል፤ ሰውም ዲስኩ ተበላሸ ይላል። ስሙን ማሳጠር ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፦ የመጠባበቂያ ቅጂ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲሠራ የፈለገ ሰው 8 ብሎ ከሞላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ምጣድ ሊጣድ ሲል ይነሣል፤ የሚሞላው 2 ነው። በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ደግሞ ከመጀመሪያው ትቀየር፤ እሷ ስትሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይሄድና የቅጂው ቅደም ተከተል ይዘበራረቃል።

ሁለት ዲስክ አንዱ የሌላው መስታወት ሆኖ መሥራቱ አንዱ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም እኩል ይጠፋል፤ መብረቅም ሁለቱን አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስክ ይኑር፤ አንዱ ሰርቨሩ ዘንድ፣ ሌላው ሳሪስ ወይም ኮልፌ ያለ እኅት ወይም ወንድም ቤት። በየወሩ ይለዋወጡ። ተለዋጩ ሲመጣ አንድ አቃፊ ተከፍቶ ፎቶው በእርግጥ እንደሚታይ ይፈተሽ፤ ሲለዋወጡም ሁለቱ አንድ ቀን አንድ ቤት ውስጥ አይደሩ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ