የጠፋው ደቂቃ ለተማሪው ይመለስ፦ ስለ ኦንላይን ፈተና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
ግልባጭ ለትምህርት ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የአገልግሎቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች።

የአይሲቲ መምህር ነኝ። የኮምፒውተር ላቡ ቁልፍ የሚውለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ኦንላይን ፈተና ሲመጣ ኬብል የምፈትሸው፣ ፓስወርድ እምቢ ያለውን ልጅ የምረዳው፣ ኮምፒውተር ሲቆም የምሮጠው እኔ ነኝ። የምጽፍላችሁ ለወቀሳ አይደለም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ስላለ ነው። በፈተና ሰዓት በቴክኒክ ችግር የሚጠፋ ደቂቃ ለተማሪው የሚመለስበት፣ በጽሑፍ የሰፈረ፣ ፈታኙም ተፈታኙም አስቀድሞ የሚያውቀው ደንብ ክፍል ውስጥ ይኑር። ደንቡ እናንተ ዘንድ ካለ ወደ ክፍሉ ይውረድ። ከሌለ ይጻፍ።

ይህን ልመና ያመጣብኝን ልንገራችሁ።

አንድ ትምህርት ቤት ለአዲስ ገቢዎች የኦንላይን መግቢያ ፈተና ሰጠ። የእናንተ ፈተና አልነበረም። የትምህርት ቤቱንም ስም አላነሳም። እኔ ለእገዛ ተጠርቼ ነው የሄድኩት። 40 ተማሪ፣ 40 ላፕቶፕ፣ ሁለት ፈታኝ። ጠዋት በሌሊት ገብቼ ሁሉንም አንድ በአንድ ከፍቼ ሞክሬ ነበር። ሁሉም ሰላም ነበር።

ፈተናው ከተጀመረ 35 ደቂቃ ያህል እንደሄደ መብራት ጠፋ። ማንም አልደነገጠም። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው። ልጆቹ ቀና እንኳን ሳይሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። ጄነሬተሩም ቶሎ ተነሳ። እኔም እፎይ አልኩ። ለካስ ኮምፒውተሮቹን ከሰርቨሩ (መልሱን ከሚሰበስበው ዋና ኮምፒውተር) ጋር የሚያገናኘው ስዊች ኮሪደር ላይ ባለች ትንሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። የተሰካው ደግሞ ጄነሬተሩ በማይደርስበት መስመር ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስም የለውም። ስለዚህ 40 ልጆች መልስ እየነኩ ነው፤ መልሱ ግን የትም እየደረሰ አይደለም። ይሄንን እኔ እስክደርስበት፣ ስዊቹን በረጅም ኤክስቴንሽን ከሌላ ሶኬት ላይ እስክሰካው፣ እሱም ተነስቶ ሥራ እስኪጀምር 11 ደቂቃ ሄደ።

ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ወደ ኋላ መለሰኝ» አለችኝ። 44ኛው ጥያቄ ላይ ነበረች። ገጹ ተመልሶ ሲከፈት 31ኛው ላይ አቆማት። በመሃል የመለሰቻቸው 13 ጥያቄዎች የሉም። ሰዓቱ ግን አልቆመም፤ ሰዓቱን የሚቆጥረው ሰርቨሩ ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ መብራት አልጠፋበትም። «ሰዓት ይጨመርልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ፈታኙን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። ሁለታችንም መልሱን አናውቅም። ሰዓት የመጨመር ሥልጣን የማን እንደሆነ የነገረን የለም። «እስቲ ቀጥይ፣ እናያለን» አልኳት። መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረግ አደረገችና ከ31 ጀመረች።

አላየንም። ፈተናው በሰዓቱ ተዘጋ።

እንግዲህ ይህ የአንድ ትምህርት ቤት መግቢያ ነው። የእናንተ ፈተና ግን የ12ኛ ክፍል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ መግባትና አለመግባት የሚለይበት ነው። የ2014 ዓ.ም ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ከመስመሩ በታች የቀረውን ስታስቡት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ጥያቄ ብሎ የቀረ ልጅ ይኖራል። 13 ጥያቄ ቀላል ነገር አይደለም። 11 ደቂቃም ቀላል አይደለም።

ኦንላይን ፈተና ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። ወረቀቱ ምን እንዳደረሰብን አስታውሳለሁ። በግንቦት 2008 ዓ.ም ፈተናው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቆ፣ ልጆቹ ሊፈተኑ በወጡበት ቀን ተሰረዘ ተባለ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ እንደገና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት የተዘጋባቸው ዓመታት ነበሩ። የ2014 ዓ.ም ፈተና በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ሲሰጥ ደግሞ ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ተፈታኞች ሁሉ ፍራሽና አንሶላቸውን ተሸክመው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገቡ። በ2016 ዓ.ም ከፊሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ሲሰጥ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። በጭነት መኪና የሚሄድ፣ ታሽጎ የሚጠበቅ ወረቀት የለም። የጥያቄው ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ልጅ ሊቀያየር ይችላል፤ የጎረቤትን ስክሪን ማየት ብዙ አይጠቅምም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እንዲበላሽ አልፈልግም።

የሚያበላሸው ግን ሁልጊዜ ትልቅ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ሰርቨር ተጠለፈ፣ ሲስተሙ ወደቀ የሚለውን ነው የሚፈራው። እኔ ላብ ውስጥ የማየው ሌላ ነው። ለምሳሌ የቆየ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለችው። እሷ ካለቀች ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደግሞ የፈተናውን ገጽ አይከፍትም። ብራውዘሩ የገጹን የደህንነት ሰርተፊኬት ያይና ጊዜው ገና አልደረሰም ብሎ «ግንኙነትዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይላል። ልጁ ይህን ሲያነብ ይደነግጣል። ፈታኙ ኔትወርክ ነው ይላል። ራውተሩን ያጠፋሉ፣ ያበራሉ፤ በዚያውም የሌሎቹን ልጆች ግንኙነት ይቆርጣሉ። ቀኑን ማስተካከል ለሚያውቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ያውም የአድሚን ፓስወርዱን የያዘው ሰው በዚያ ቀን ከተገኘ ነው። ባትሪዋ ከሳምንት በፊት ብትቀየር ኖሮ ደግሞ ጭራሽ ወሬ አይሆንም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም አለ። በፈተና መሃል ራሱን አፕዴት ማድረግ የሚጀምር ዊንዶውስ አለ። ወረቀት ላይ ታትሞ የመጣ ፓስወርድ ውስጥ ዜሮ ትሁን «ኦ» የማትለይ ፊደል አለች። ካፕስ ሎክ ተጭኖ ሳያውቅ አምስት ጊዜ የሚሞክርና አካውንቱ የሚቆለፍበት ልጅ አለ። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅም አለ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያመኛል። የከተማው ልጅ ሰብሚት የሚለውን ሲጫን፣ እሱ ገና ቀስቷን እያሳደደ ነው። ፈተናው የሚለካው ፊዚክስና ሒሳብ ነው፤ ጣቱን መሆን የለበትም። ከዋናው ፈተና በፊት እዚያው ጣቢያ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና ቢሰጠው ግማሹ ፍርሃት ይለቀዋል። ማየት ለተሳናቸው ልጆችም እንዲሁ ነው፤ ድምፅ የሚያነብላቸው ፕሮግራም ከጥያቄው ጋር መስማማቱ መረጋገጥ ያለበት በልምምዱ ቀን ነው።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ ልምጣ። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ኮምፒውተር አንድ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ፈታኞቹ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብለው ኬብል ይነካካሉ። የተቀሩት 35 ልጆች ላይ የቀረ ዓይን የለም። ስልክ ለማውጣት፣ ለጓደኛ ለመንሾካሾክ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ስለዚህ የቴክኒክ ችግር የኩረጃም በር ነው። ፈታኝ ኬብል አይንካ። ፈታኝ ተማሪ ይጠብቅ። ለየክፍሉ፣ ቢያንስ ለየሁለት ክፍሉ፣ ሥራው ይሄ ብቻ የሆነ አንድ የአይሲቲ ሰው ይመደብ። የአድሚን ፓስወርዱ በፖስታ ታሽጎ እሱ እጅ ይሁን። ለ40 ተፈታኝ አራት ትርፍ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይጠብቅ። ልጁ የቆመበትን ትቶ ወደ ትርፉ ይዛወር፤ መልሱ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ካቆመበት ይቀጥላል። ጥገናው በኋላ ይደርሳል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ሰዓት ይጨመራል ከተባለ ኬብል የሚነቅል አይጠፋም» አለኝ። ልክ ነው፣ አይጠፋም። ግን መልስ አለው። ሰርቨሩ እያንዳንዱ ኮምፒውተር መቼ እንደተገናኘ፣ መቼ እንደተቋረጠ፣ መቼ እንደተመለሰ በሰከንድ ይመዘግባል። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ጠፍቶ ከሆነ ይታያል። ሁሉም በአንድ ሰከንድ ጠፍተው ከሆነም ይታያል፤ ያን የሚያደርገው ስዊች ወይም መብራት እንጂ ልጅ አይደለም። ሰዓቱን የሚጨምረው የፈታኙ ርኅራኄ መሆን የለበትም። መዝገቡ ይጨምረው። አዛኝ ፈታኝ የደረሰው ልጅ 11 ደቂቃ አግኝቶ፣ ኮስታራ የደረሰው ሳያገኝ ቢቀር ሌላ በደል ነው።

ቅሬታን መመርመር ምን እንደሚያደርግ ናይጄሪያ ላይ ታይቷል። የእነሱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ከኛ በጣም የቀደሙ ናቸው። ቢሆንም በ2017 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ በሰጡት ፈተና፣ በሌጎስና በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ባሉ 157 ጣቢያዎች አንድ የሰርቨር ማስተካከያ ሳይደርስ ቀረ። ችግሩ ውጤት እስኪወጣ አልታወቀም። ውጤቱ ሲወጣ ተማሪና ወላጅ ጮኸ። ፈታኙ ቦርድ ጉዳዩን መረመረና ስህተቱ የራሱ መሆኑን አገኘ። የቦርዱ ኃላፊ ሕዝብ ፊት ቆመው እያለቀሱ ይቅርታ ጠየቁ። 379,997 ተፈታኞች እንደገና እንዲቀመጡ ተደረገ፤ እሱም በቀናት ውስጥ ተጀመረ። ይህን ያነሳሁት ስህተታቸውን ለማሳየት አይደለም። ቅሬታን ሰምተው፣ መርምረው፣ በቀናት ውስጥ መልስ መስጠታቸው ነው ልቤን የነካው። ባይመረምሩ ኖሮ የእነዚያ ልጆች ውጤት እንደ ስንፍና ተቆጥሮ ይቀር ነበር።

ቅሬታን ካነሳሁ አይቀር፣ ልጁ ቅሬታውን የሚያቀርበው ከወር በኋላ ውጤት ሲወጣ መሆን የለበትም። ያኔ ማን ያስታውሳል? ከክፍሉ ሳይወጣ የሚሞላው አንድ ገጽ ቅጽ ይኑር። የኮምፒውተሩ ቁጥር፣ ችግሩ የጀመረበት ሰዓት፣ ያበቃበት ሰዓት፣ የተደረገው ነገር። ልጁ ይፈርም፣ ፈታኙ ይፈርም፣ የአይሲቲው ሰው ይፈርም። ቅጂው ለልጁ ይሰጠው። እጁ ላይ ወረቀት ይዞ የሚወጣ ልጅ እንደተሰማ ያውቃል።

ስለ ስዊቹም አንድ ነገር ልበል። ጣቢያ ስትመርጡ የምትልኳቸው ሰዎች ኮምፒውተር ብቻ ቆጥረው አይመለሱ። ዋናውን ቆጣሪ ያጥፉት። መብራቱን በእጃቸው አጥፍተው፣ ጄነሬተሩ ሲነሳ ምን እንደተነሳ፣ ምን እንዳልተነሳ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ይዩ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ያን ቀን ጠዋት ሁሉንም ነገር ስሞክር ይሄን አንዱን አልሞከርኩም።

ደንቡን ለመጻፍ እንዲቀላችሁ አንድ አንቀጽ ከዚህ በታች አስቀምጬላችኋለሁ። አቃንታችሁ፣ አሻሽላችሁ በፈታኞች መመሪያ ውስጥ እንድታስገቡልኝ፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊትም ለተማሪዎቹ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ እጠይቃለሁ፦

«በኮምፒውተር፣ በኔትወርክ ወይም በመብራት ችግር ምክንያት ከፈተና የተቋረጠ ተማሪ፣ በሰርቨሩ መዝገብ የታየው የተቋረጠበት ጊዜ በሙሉ ይጨመርለታል። ጭማሪውን የጣቢያው ኃላፊ ዕለቱን፣ ተማሪው ከክፍል ሳይወጣ ይፈቅዳል። ያልተቀመጡ መልሶች ካሉ እነሱን እንደገና የሚሠራበት ጊዜም ይሰጠዋል።»

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር