ኮሮጆው ምን አጠፋ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ መዘውርና ማነጣጠሪያ በሌለው ባህላዊ ቀስት ስለማደን የወጣውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ቀስቱ አመራረጥና ስለ አውታሩ አሳሳብ የተባለው ሸጋ ነው። ጀርባ ላይ የሚነገተው የፍላጻ ኮሮጆ ላይ ሲደርሱ ግን ጸሐፊው ነገሩን በሁለት አንቀጽ ዘጉት። ይንኳኳል፣ ሰው ሲያጎነብስ ፍላጻውን ይዘረግፋል፣ ለፊልም ካልሆነ ለአደን አይረባም አሉና ቀስቱ ላይ የሚታሰረውን መያዣ እንድንገዛ መከሩን። እኔ ቆዳ ሰፊ ነኝ። ኮሮጆ እሰፋለሁ፤ የሰፋሁትንም አንግቼ አድናለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ቅሬታቸው ውሸት አይደለም። ይንኳኳል፤ ይዘረግፋልም። ግን የትኛው ኮሮጆ? ጸሐፊው የገለጹት ደረቅ ቱቦ ነው። ከወፍራም ቆዳ ተጠቅልሎ የተሰፋ፣ መሬት ላይ ቢያቆሙት ያለ ደጋፊ ቀጥ ብሎ የሚቆም። ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ የሚያነሳውም እሱን ነው። ቱቦው ውስጥ ፍላጻዎቹ እንደልባቸው ይወዛወዛሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ ይጋጫሉ። አጋዘን ደግሞ እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ከሩቅ ይሰማል። ጎንበስ ስትሉም የሚይዛቸው ነገር ስለሌለ በጭንቅላታችሁ ላይ ተንሸራተው ይወርዳሉ።

ደህና ኮሮጆ አይቆምም። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት እጥፍ ብሎ ይተኛል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቆዳው ለስላሳ ከሆነ ማንገቻው ሲጠብቅ ኮሮጆው ጀርባችሁ ላይ ይጨፈለቅና ፍላጻዎቹን ጨብጦ ይይዛቸዋል። ከአሥራ ሁለት ወደ አምስት ቢቀንሱ እንኳ ቆዳው አብሮ ይሰበሰባል እንጂ ክፍት ቦታ አይተውም። አሜሪካዊው ሃዋርድ ሂል (እ.ኤ.አ. 1899–1975) ዝሆን ሳይቀር በቀስት የጣለ አዳኝ ነበር። የሱ ኮሮጆ እንዲህ ያለ ልፍስፍስ ቆዳ ነው፤ ዛሬም ቀስተኞች ይህን አሠራር በስሙ ይጠሩታል። እርግጥ ሂል ለፊልምም ቀስት አስፈንጥሯል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትንሽ ይስቁብኝ።

የጥንት ጦረኞች ፍላጻቸውን በአብዛኛው ወገባቸው ላይ ነበር የሚይዙት ያሉት ልክ ነው። ግን ጦረኛና አዳኝ ሥራቸው ይለያያል። ጦረኛው አንድ ቦታ ቆሞ ቶሎ ቶሎ ይለቃል። አዳኙ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ ቁጥቋጦ ይሾልካል፣ ምናልባት አንዲት ፍላጻ ቢለቅ ነው፤ ያውም ከቀናው። ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ጭኑን እየመታ፣ ከሣር ጋር እየተሻሸ ቀኑን ያበላሽበታል። እ.ኤ.አ. በ1911 በሰሜን ካሊፎርኒያ ከዱር ብቅ ያለው፣ ያሂ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለደው ኢሺ፣ አደን ኑሮው ነበር እንጂ ፊልም አልነበረም። ፍላጻዎቹን የሚይዘው ኦተር ከሚባለው የወንዝ አውሬ ቆዳ በተሠራ ኮሮጆ ነው። ለስላሳ ቆዳ፣ ያውም ከነፀጉሩ።

ለስላሳ ሲባል ደግሞ ጨርቅ ይሁን ማለት አይደለም። እኔ ለገላው የምጠቀመው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በደንብ የለፋ ቆዳ ነው። ከዚያ ከሳሳ የፍላጻው ስለት ይበሳዋል። ከዚያ ከወፈረ ወደ ቱቦነቱ ይመለሳል። ለስላሳ ቆዳ አንድ ችግር አለበት፤ ቁልቁል እየተጨማደደ ይወርዳል፤ አፉም ይዘጋል። መፍትሔው በጎኑ በኩል አንድ ቀጭን ዘንግ መስፋት ነው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በ1991 አልፕስ ተራራ ላይ፣ በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር አጠገብ፣ ከበረዶ ውስጥ የወጣው ኦትዚ የተባለው ሰው ኮሮጆ እንዲሁ ነው። ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኮሮጆው ቆዳ ነው፤ በጎኑ ደግሞ ሄዝል ከሚባል ዛፍ የተቆረጠ ዘንግ ቀጥ አድርጎ ይዞታል። ውስጡ 14 ፍላጻ ተገኝቷል፤ ተሠርተው ያለቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ምስኪን፣ ሥራ ሳይጨርስ ነው የሄደው።

አብሮኝ የሚያድን አንድ ግራኝ ወዳጅ አለኝ። ኮሮጆ ልለካለት ስጠራው በሸሚዝ መጣ። «ካፖርትህስ?» አልኩት።

«ምን ያደርግልሻል? ብርድ የለም።»

«አደን የምትሄደው በሸሚዝ ነው?»

እያጉረመረመ ለብሶ ተመለሰ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ወፍራም ልብስ ትከሻን ያሰፋል፣ ክንድንም ያሳጥራል፤ በሸሚዝ የተለካ ማንገቻ በካፖርት ላይ ኮሮጆውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። የራሱን ፍላጻዎች ከተትኩበት። የኔን ብከት ልኬቱ ከንቱ ነበር፤ የሱ ክንድ ረጅም ስለሆነ ፍላጻውም ረጅም ነው። ከዚያ «የጫማህን ክር ፍታና መልሰህ እሰር» አልኩት። ጎንበስ አለ፤ ፈታ፤ አሰረ፤ ተነሳ። አንዲትም ፍላጻ አልወደቀችም። «አሁን ዝለል።» ዘለለ። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ታች ድምፅ ሰማሁ። የጫፎቹ ነበር እንጂ የእንጨቱ አልነበረም። የኮሮጆው ወለል ላይ ሌላ የበግ ለምድ ጨመርኩበት። ደግሞ ዘለለ። ጸጥ።

ኮሮጆ የምትገዙ ሰዎች ከዚህ ሌላ ፈተና አያስፈልጋችሁም። ልብሳችሁን ልበሱ፣ ፍላጻችሁን ክተቱ፣ ክራችሁን እሰሩ፣ ዝለሉ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ቁመቱን በተመለከተ፣ ቆዳው ከላባው በታች ማለቅ አለበት። 74 ሴንቲሜትር ፍላጻ ብትይዙና ላባው 13 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የአውታር መግቢያውን ጭራና ትንሽ ትርፍ ጨምራችሁ ወደ 18 ሴንቲሜትር ከአፉ በላይ ይቀራል። እንግዲህ ጥልቀቱ 56 ገደማ ነው ማለት ነው። ጥልቅ ከሆነ ላባው ከቆዳው ጠርዝ ጋር እየታሸ ይቦጨቃል፤ ክንዳችሁም ፍላጻውን እስከ ጫፉ መዞ ለማውጣት አይበቃም። አጭር ከሆነ ደግሞ ከላይ ይከብድና ይገለበጣል። ነግታችሁት እጃችሁን ወደ ኋላ ስትሰዱ ጭራዋ ከጆሮ ጀርባ፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ መገኘት አለባት። ፍለጋ ከገባችሁ ማንገቻው ረዝሟል። ረጅም ፀጉር ያለን ደግሞ አስቀድመን እንጠቅልለው፤ ጭራዋ ፀጉር ከነከሰች አውሬው ሳይሆን እኛ ነን የምንጮኸው።

አመዛዘዙም ልማድ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ፍላጻውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ይስባል። ክንዱ ያልቃል፤ ጫፉ ገና ኮሮጆው ውስጥ ነው። ቀጥ አድርጋችሁ አትሳቡ። ጭራዋን በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ያዙ፣ ክርናችሁን አንሱ፣ እጃችሁን ወደ ፊት አሳልፉት። ለስላሳው ኮሮጆ አፉን ከእጃችሁ ጋር ስለሚያዘነብል መንገድ ይሰጣችኋል። ደረቁ ቱቦ ይህን አያደርግም። ጫካው ጥቅጥቅ ሲል ደግሞ ኮሮጆውን በብብት ሥር አሽከርክራችሁ ወደ ፊት አምጡት። ላባው በክንዳችሁ ሥር ይደበቃል፤ ቅርንጫፍ አይነካውም። ቀስቱ ላይ የታሰረ መያዣ ግን ፍላጻዎቹን ከነቀስቱ በቁጥቋጦው መሀል ይዟችሁ ነው የሚያልፈው።

ስለ ላባ ካነሳን፣ ፍላጻ ሲበዛ ላባ ከላባ ይጨፈላለቃል። እ.ኤ.አ. በ1545 በሰመጠችው በእንግሊዟ የጦር መርከብ በሜሪ ሮዝ ውስጥ ክብ ክብ የቆዳ መለያዎች ተገኝተዋል፤ 24 ቀዳዳ አላቸው፣ በየቀዳዳው አንዳንድ ፍላጻ ይገባል። ለአዳኝ ይህን ያህል አያስፈልግም። ስድስት ሰባት ፍላጻ ይዛችሁ ውጡ፤ ላባው ራሱ ቦታ ያገኛል።

አሁን ስለ ስለቱ። ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ይህን ነው፤ እኔን ደግሞ የሚያስፈራኝ ይህ ብቻ ነው። ለአደን የሚሆነው ባለስለት ጫፍ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። ጀርባችሁ ላይ፣ ከወገባችሁ ከፍ ብሎ፣ ከቆዳ በስተቀር ምንም ሳይከልለው ይቀመጣል። ተንሸራታችሁ ወደ ኋላ ብትወድቁስ? ስለዚህ ወለሉ ለስላሳ መሆን የለበትም። ለጫማ ሶል የሚሆን ደረቅ ቆዳ ነው የምጠቀመው፤ በሱ ላይ የበግ ለምድ። ከታች በኩል ያለውን አንድ ስንዝር ያህል ደግሞ በጀርባ ጎኑ ድርብ አደርገዋለሁ። ስፌቱንም ቢሆን ስለቱ እንዳይበጥሰው በውስጥ በኩል የቆዳ ጥብጣብ እሸፍንበታለሁ። ያልታጠበ የበግ ፀጉር ቅባት ስላለው ስለቱን ከዝገትም ይከላከላል። ያም ሆኖ ስለቶች እርስ በርስ ከተነካኩ ይደነዛሉ። ስትደርሱ አውጥታችሁ ፈትሹ፤ ሞረድ ኪሳችሁ አይጥፋ። ኮሮጆ ለመግዛት እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ወለሉን ዳስሱ። የሚታጠፍ ከሆነ መልሱለት።

ሌላው፣ ኮሮጆው ውስጥ ያለውን ጫፍ ማየት አይቻልም። ለጥንቸል የምትሆነውን ደነዝ ጫፍ ፈልጎ ባለስለቷን መምዘዝ ያናድዳል። እኔ ደነዞቹን ከጭራው ሥር ወፍራም ክር እጠመጥምባቸዋለሁ። ጣቴ ክሩን ሲነካ ያውቃታል፤ ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም።

ቀስቱ ላይ የሚታሰረውን መያዣ እየነቀፍኩ አይደለም። አሜሪካዊው አዳኝና ቀስት ሠሪ ፍሬድ ቤር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲያመጣው ምክንያት ነበረው። ስለቱን ይሸፍናል፤ ፍላጻውም ዓይን ፊት ነው። ዛፍ ላይ ወጥቶ ወይም መደበቂያ ውስጥ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው እሱ ይሻለዋል። የጀርባ ኮሮጆ አዝሎ ግንድ መደገፍ አይቻልማ። ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሳትም ትልቅ እንቅስቃሴ ነው፤ አውሬው እያያችሁ ከሆነ አለቀ። ለዚህ ነው እየተራመደ የሚያድን ሰው አውሬ ይኖርበታል ብሎ የጠረጠረው ቦታ ሳይደርስ አንዷን መዝዞ አውታሩ ላይ የሚያስቀምጣት። ዝናብም የጀርባ ኮሮጆ ጠላት ነው። የረጠበ ላባ ይተኛል፣ ፍላጻውም አቅጣጫ ይስታል። ከቀጭን ቆዳ የተሠራ ኮፍያ አፉ ላይ ይደፋበት። ቆዳው ከራሰ በጥላ ይድረቅ እንጂ እሳትም ፀሐይም ዳር አይቀመጥ። ዘይት አታብዙበት፤ ዘይት የጠገበ ቆዳ ይለጠጥና መጨበጡን ይተዋል።

አንድ ልመና ልጨምር። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ሥዕል ላይ ቀስተኛው ቀስቱን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ይስባል፤ የኮሮጆው አፍ ግን በግራ ትከሻው በኩል ነው። እንዲህ አድርጎ ማንም ፍላጻ መምዘዝ አይችልም። በቀኝ እጁ የሚስብ ሰው የኮሮጆው አፍ በቀኝ ትከሻው በኩል ይወጣል፤ ማንገቻው ከዚያ ተነስቶ ደረቱን አቋርጦ ወደ ግራ ወገቡ ይወርዳል። ለግራኝ ተቃራኒው ነው። ጀማሪ አንባቢ ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉን ነው የሚቀዳውና በሚቀጥለው እትም ብታርሙት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ቆዳ ሰፊዋ አንባቢያችሁ