ውሉ ተመዘገበ፤ ክፍሉንስ ማን አየው?

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ለመኖሪያ ቤት አከራዮች ፈቃድ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ የምኖር የከተማችሁ ነዋሪ ነኝ። የምጽፈው ስለ ዋጋ አይደለም። ስለ ዋጋ ሁሉም ይጮኻል፣ መጮኹም ልክ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል የለም። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የሚመዘገበው ወረቀቱ ነው። ክፍሉ ለሰው ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የእኔን ክፍል ልንገራችሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። መስኮት አለ፣ ግን የሚከፈተው ጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው። እጄን ብዘረጋ ግድግዳው ይነካኛል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፍራሻችንን ይዘን ግቢ እንወጣለን። የድሬ ልጅ ይሄን ለምዶታል፣ እሱን ተዉት። የሚያስፈራኝ መብራቱ ነው። ግቢው በሙሉ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። ሽቦው ከዋናው ቤት ተቀጥሎ፣ በቆርቆሮው ላይ ተጎትቶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። የተቀጠለበት ቦታ በፌስታል ተጠቅልሏል። አንዷ ጎረቤቴ ምጣድ ስትሰካ የሁላችንም ቬንትሌተር ቀስ ይላል፤ ሽቦው ደግሞ ይሞቃል።

አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም። በረመዳን ሳምቡሳ ሳያቀምሱን አያመሹም። ስለ ሽቦው ስናነሳ ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «እስከ ዛሬ ማን ሞተ?»

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ አለ። ዝምድና የሌላቸው አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሽንት ቤትና ማድቤት እየተጋሩ የሚኖሩበትን ቤት የሚያከራይ ሰው ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃዱ ቢበዛ ለአምስት ዓመት ነው። ያለ ፈቃድ ሲያከራይ ከተገኘ ተከራዩ የከፈለውን ኪራይ ሊያስመልስ ይችላል። ይቺን የመጨረሻዋን ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

እኛ ሰማይ አውርዱ አላልንም። ሽቦውን ባለሙያ ይየው። መስኮቱ አየር ያስገባ። አንድ ሽንት ቤት ለስንት ሰው እንደሚበቃ ልክ ይውጣለት። ቤቱ ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ሐምሌ 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከአገር ቤት ሥራ ፍለጋ የመጣ ልጅ ይሄን አያውቅም። ደላላው ደግሞ አይነግረውም።

ሁለት ነገር ግን አደራ። የፈቃዱ ክፍያ ትንሽ ይሁን፤ ከበዛ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኛው ላይ ነው። ክፍል እያከራዩ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ እናቶች አሉ፣ እነሱንም አስቡ። ሌላው፣ ክፍሉ አይሆንም ከተባለ አከራዩ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጠው እንጂ ተከራዩ ዕቃውን ይዞ መንገድ ላይ አይውደቅ። ጥቆማ የሰጠ ተከራይም «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ልቀቅልኝ» እንዳይባል ከለላ ያስፈልገዋል። ስሜን ያልጻፍኩት ለምን ይመስላችኋል?

ሁሉንም ቤት በአንድ ጊዜ ማየት እንደማይቻል ይገባኛል። ስለዚህ ብዙ ተከራይ ካለባቸው ግቢዎች ይጀመር፤ ሳቢያንም አዲስ ከተማም ሞልተዋል። ብቻ የሚያየው ሰው ጠዋት በነፋሻው አይላክ። ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይምጣ። በሩን ዘግቶ ትንሽ ይቀመጥ፣ ከዚያ ፎርሙን ይሙላ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሳቢያን ተከራይ