አምስቱንም አሸንፎ ሦስተኛ
ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የስፒድዌይ ሞተር ብስክሌት እሽቅድድም ታሪክ ሲነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አውስትራሊያዊው ላየነል ቫን ፕራግ ሁልጊዜ ይወሳል፤ የአገሩ ልጅ አርተር ዊልኪንሰን ግን፣ በቅጽል ስሙ ብሉዊ፣ እምብዛም አይታወስም። ዊልኪንሰን በዚያ ምሽት የተሰለፈባቸውን አምስት ውድድሮች በሙሉ አንደኛ ሆኖ ቢጨርስም፣ ከማጣሪያው የተያዘ ተጨማሪ ነጥብ በመጨረሻው ውጤት ላይ ይደመር ስለነበር ሦስተኛ ወጣ፤ በነጥብ እኩል የነበሩት ቫን ፕራግና እንግሊዛዊው ኤሪክ ላንግተን ለብቻቸው ተወዳድረው ዋንጫው ለቫን ፕራግ ሆነ። ደንብ ደንብ ነው ይባል ይሆናል፤ ለእኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል።

ሞተሩ ፍሬን የለውም። ነጂው በግራ ጫማው ላይ ብረት አስሮ መሬቱን እየፋቀ፣ የኋላ ጎማውን ሆን ብሎ እያንሸራተተ ኩርባውን ይዞራል፤ በዚህ አኳኋን በአንድ ምሽት አምስት ጊዜ ቀድሞ መግባት ቀላል አይደለም።

ዊልኪንሰን በ1938 የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ሳለ ተወዳድሮ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያም ውድድር አቆመ። በ1940 ሲድኒ ውስጥ በመንገድ አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ