አባዬ፣ ይስሐቅን ሳማክር ከረምኩ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ዓይንህስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው።

ባለፈው በስልክ «ቤቱን ካስለቀቁህ እዚያ ምን ትሠራለህ? የስፌት መኪናህን ጭነህ ና፣ ናዝሬት የልብስ ስፌት ሥራ አይጠፋም» ብለኸኝ ነበር። ያን ቀን ዝም አልኩህ። በስልክ የሚያልቅ ነገር አልመሰለኝም። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልህ።

ነገሩን ታውቀዋለህ። ሱቁ ደንበኛ ካፈራ በኋላ ነው አከራዬ «ቤቱ ለዘመዴ ይፈለጋል» ያለኝ። ውሉ ገና አላለቀም ነበር። ጓደኞቼ «ክሰሰው» አሉኝ። ሕጉም ከእኔ ጋር ነበር። እኔ ግን ከነሐሴ 28፣ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ በዓል ጀምሮ ማታ ማታ ዘፍጥረትን እያነበብኩ ነበርና ምዕራፍ 26፣ የይስሐቅ ታሪክ ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ።

እኛ ሀገር አብርሃም በሰው አፍ ላይ ነው። ሰርግ ላይ «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ይባላል። ለቅሶ ቤት ደግሞ «ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን»። ይስሐቅን ግን ሰው የሚያውቀው መሠዊያው ላይ ተጋድሞ ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት ኖረ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። ለእኔ ደግሞ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ምድሪቱ ላይ ረኀብ ሆነ። እግዚአብሔር ግን «ወደ ግብፅ አትውረድ፣ በዚህች ምድር ተቀመጥ» አለው። ዘራ፣ በዚያው ዓመት መቶ እጥፍ አገኘ። ፍልስጥኤማውያን ቀኑበት። አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶችም አፈር ሞልተው ደፍነዋቸው ነበር። ንጉሡ አቢሜሌክ «ከእኛ ተለይተህ ሂድ» አለው። ሄደ። ሄዶም የአባቱን ጉድጓዶች መልሶ ቆፈረ፤ አባቱ ባወጣላቸው ስምም ጠራቸው። አዲስ ሲያስቆፍር የጌራራ እረኞች «ውኃው የእኛ ነው» ብለው ተጣሉት። ትቶላቸው ሌላ አስቆፈረ። በዚያም ተጣሉት። ፈቀቅ ብሎ ሦስተኛ አስቆፈረ፤ በዚያኛው የተጣላው የለም።

ይህን ያነበበ ሰው ፈሪ ነው ሊለው ይችላል። ፍርሃትማ ነበረበት፤ መጽሐፉም አይደብቅለትም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ለሕይወቱ ፈርቶ ርብቃን «እኅቴ ናት» ብሏል። አብርሃምም ስለ ሣራ ይህንኑ ሁለት ጊዜ ብሏል፤ አንዴ በግብፅ፣ አንዴ እዚያው በጌራራ። ስለዚህ የአባቶችን ኑሮ ሳነብ ሁሉንም ልድገም አልልም። እግዚአብሔር ምን አላቸው? ፈርተው በራሳቸው ያደረጉትስ የቱ ነው? ይህን ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ርብቃን «እኅቴ ናት» ያሰኘው ፍርሃት ነው። ጉድጓዱን ሲተው ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ግብፅ በወረደ ነበር። ጉድጓዱን ለቀቀ፣ ተቀመጥ የተባለባትን ምድር ግን አልለቀቀም።

የእኔም መልስ ይኸው ነው አባዬ። ሱቁን ለቅቄላቸዋለሁ፣ ሐዋሳን ግን አልለቅም። ቤተሰቤ እዚህ ነው፣ ንስሐ አባቴ እዚህ ናቸው፣ እጄን የሚያውቀው ደንበኛም እዚህ ነው። አቶቴ በኩል መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝቻለሁ።

ስለ አባት ጉድጓድ ካነሳሁ አይቀር ይህን ልንገርህ። ናዝሬት ሱቅህ በር ላይ እንስራ ታስቀምጥ ነበር፣ አፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበት። ጋሪ ነጂው ቆም ይላል፣ ይጠጣል፣ ጣሳውን መልሶ ይደፋል፣ ይሄዳል። ጠዋት ደግሞ መኪናውን ከመንካትህ በፊት የዕለቱን ዳዊት ትደግም ነበር። ሰው ልብስ ይዞ ቢገባ እንኳ በእጅህ «ቁጭ በል» ትለውና ትጨርሳለህ። እኔ ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ክር እየለቀምኩ ያን ሁሉ አያለሁ። አዲሷ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት እንስራ ነው። ካውያውን እንኳ ገና አልሰካሁም ነበር። አሁን የባጃጅ ልጆች ይጠጡበታል። አንዱ «ጋሼ፣ ይህቺ ሐሳብ የማን ናት?» አለኝ። «የአባቴ ናት» አልኩት። ዳዊቱንም ይዣለሁ፤ ሰውም መጠበቅ ለምዷል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አቢሜሌክ በኋላ «ቃል ኪዳን እንግባ» ብሎ ወደ ይስሐቅ መጣ። ይስሐቅ እንደ ሞኝ ዝም አላለም። «ጠልታችሁኝ፣ ከእናንተ አሳድዳችሁኝ፣ አሁን ለምን መጣችሁ?» አላቸው። ከዚያ ግብዣ አደረገላቸው፣ በሉ፣ ጠጡ፣ በነጋው ተማምለው በሰላም ተለያዩ። የድሮ አከራዬ ሰሞኑን ሱሪ ሊያሳጥር መጣልኝ። ደጃፉ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ። ቅር ያሰኘኝን ፊት ለፊት ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «በል ግባ» ብዬ ሜትሬን አወጣሁና ልኩን ወሰድኩ።

«ከእንግዲህ የቀረችኝ ትንሽ ናት» ማለትህን ግን ተውልኝ። ይስሐቅም ዓይኖቹ ፈዝዘው፣ ሸምግሎ፣ የምሞትበትን ቀን አላውቅም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። ርቆ የሄደው ያዕቆብም ልጆች ወልዶ ወደ መምሬ ወደ አባቱ ተመለሰ። ይስሐቅ የኖረው 180 ዓመት ነው።

ለታኅሣሥ ገብርኤል እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ሐዋሳ ገብርኤል ሲነግሥ ካየኸው ቆይቷል። አውቶቡሱ ጠዋት ይነሳል፤ እህቴ ታሳፍርህ፣ እኔ ከመናኸሪያ እወስድሃለሁ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሽሮ አይጠፋም። እስከዚያ ግን አስበህ ቆየኝ። ናዝሬት ስትገባ መጀመሪያ ቤት ያከራየህ ማን ነበር? እንስራውንስ ከማን አይተህ ነው? ከአያቴ ይሆን? ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ እኔ ደግሞ የምነግራቸው የለኝም። ከአንተ አፍ ይስሙት።

ለእህቴና ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ልጅህ፣ ከሐዋሳ