«ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ያልኩሽ ጊዜ

ሚጡዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ልጆቹስ?

ሁልጊዜ «ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስጽፍ ግን ደህና አልነበርኩም። ባለፈው «ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ሦስቴ ተመርምሬ ምንም የለብሽም አሉኝ» ብለሽ ስትጽፊልኝ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ቀድሜ ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተንከራተትሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እኔን የጀመረኝ ሌሊት ነው። ተሳፋሪ አውርጄ ከዋሽንግተን ወደ አሌክሳንድሪያ ስመለስ፣ የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ላይ ደረቴ ጭምድድ አለ። ልቤ ዘልሎ ሊወጣ ደረሰ። ጣቶቼ ደንዝዘው መሪው ላይ እንደ ዶሮ እግር ተኮራመቱ። እንደምንም ተሻግሬ ዳር ያዝኩና 911 ደወልኩ። «እማዬን ሳላያት ሞትኩ» ነበር የምለው። ሆስፒታል ልቤንም ደሜንም መረመሩ። ምንም የለም። በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። አሁንም ምንም።

ሐኪሟ «የጭንቀት ሕመም ነው» ስትለኝ ተናደድኩ። እብድ ነህ ያለችኝ መሰለኝ። እኛ ዘንድ «አማኑኤል ገባ» ሲባል እንዴት እንደሚባል ታውቂያለሽ። በዚያ ጆሮ ነው የሰማኋት። በኋላ አንዲት የአገራችን ልጅ፣ ነርስ ናት፣ አልጋዬ አጠገብ ቆማ በአማርኛ «ወንድሜ፣ ልብህ ጤነኛ ነው። የሚሰማህ ነገር ግን ውሸት አይደለም» አለችኝ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ መንገድ ላይ ጅብ ቢገጥምሽ ሰውነትሽ አንቺን ሳይጠይቅ ይነሣል። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ደም ወደ እግር ይገፋል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ለመሮጥ ነው። እኔ ግን መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ጅብም አልነበረም። ሳትሮጪ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በታች ይወርዳል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው ከዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መብረድ ይጀምራል። ይህን ማወቄ ብቻ ግማሹን ፍርሃት ወሰደልኝ።

ከየት መጣ ትይኝ ይሆናል። ሁለት ሥራ፣ በቀን የአራት ሰዓት እንቅልፍ፣ የቤት ኪራይ። ከሁሉ በላይ ግን ደሴ ላይ ጦርነቱ የገባ ጊዜ፣ በ2014፣ ስልክ ተቋርጦ ድምፃችሁን ያጣሁባቸው ሳምንታት ናቸው። ያኔ ቀጥ ብዬ ሠራሁ። ሰውነቴ ሒሳቡን ያመጣው በኋላ፣ ሁሉ ነገር ሲረጋጋ ነው። አንቺ ደግሞ መሐሉ ላይ ነበርሽ። እስካሁን በር ሲጋጭ የምትደነግጪ ከሆነ፣ በሕልምሽ የሚመላለስ ነገር ካለ፣ ለሐኪሙ ይህንንም አትደብቂ። ሕክምናው ሊለይ ይችላል።

የጎዳኝ ግን ሽሽቱ ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ድልድዩን ተውኩት። ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ከዚያ ሁሉንም ድልድይ፣ ከዚያ አውራ ጎዳናውን ተውኩ። ሥራዬም ግማሽ ሆነ። እያነጋገረች ጭንቀቴን የምታክመኝ ባለሙያ ቀስ በቀስ መለሰችኝ። መጀመሪያ ጓደኛዬ እየነዳ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ተሻገርኩ። ከዚያ እሁድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ብቻዬን። ፍርሃቱ ሲመጣ ትንፋሼን በአፍንጫ በአራት ቆጥሬ አስገባለሁ፣ በስድስት ቆጥሬ አስወጣለሁ። አልሸሽም። እስኪበርድ እጠብቀዋለሁ።

ክኒንም ወስጃለሁ፤ ሰርትራሊን ይባላል። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አቅለሸለሸኝ። የተሻለኝ ከወር በኋላ ነው። ላቆመው የቻልኩትም ሐኪሟ ቀስ በቀስ ስትቀንስልኝ ነው። አንቺ ግን ጎረቤት «እንቅልፍ ያመጣል» ብሎ ዳያዚፓም ቢሰጥሽ እንዳትቀበይ። ለጊዜው ያረጋጋል፣ ከዚያ ሱስ ይሆናል።

ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ ሂጂ። የእንቅርት ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ ካልተደረገልሽ ጠይቂ፤ እነሱም ልብ ያስመታሉ። ዳገት ስትወጪ ደረትሽን የሚጫንሽ ወይም ራስሽን የምትስቺ ከሆነ ግን «ጭንቀት ነው» ብለሽ አትቀመጪ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂጂ።

እማዬ ጸበል ሂጂ ካለችሽ ሂጂ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልሽ ግን አታቋርጪ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እንኳ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይሄዳሉ ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ቡናው ላይ ደግሞ አቦሉን ዝለዪውና በረካውን ጠጪ። እማዬ ትቆጣለች፣ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት በያት።

የሐኪም ቤትና የመድኃኒት ብር ለብቻው ልኬልሻለሁ። ለልጆቹ ደብተር እንዳታደርጊው፤ የደብተሩን በሌላ እልካለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ለእማዬ ከመስጠትሽ በፊት ወደ ጓሮ ውጪና ሌሊቱን እንዴት እንዳደርሽ ንገሪኝ። «ደህና ነኝ» ካልሽኝ ደግሜ እጠይቅሻለሁ።

ወንድምሽ