ከምሳ በኋላ ተመለስ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ለቀማው ደርሷል። ባለፈው እሁድ አጋሮ ለለቅሶ ሄጄ ነበር፤ የመንገዱ ዳር ማድረቂያ አልጋ ሁሉ በቀይ ቡና ተሸፍኗል። አንተ ብታየው ብዬ ተመኘሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሐሙስ ማታ አጎትህ ደውሎ ነበር። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮው ውድነት ሲያወራኝ ቆየና መጨረሻ ላይ «ልጅህ ግን ከሥራ ምሳ ብሎ ከወጣ አይመለስም አሉኝ» አለ። ስልኩን ዘግቼ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። እራትም አልበላሁ። እናትህ ምን ሆነሃል ስትለኝ ራሴን አመመኝ አልኳት። እስካሁን አልነገርኳትም። አንተም እንዳትነግራት።

ከምሳ በኋላ ተመለስ ልጄ። ጨዋታው ቢጥም፣ ጓደኞችህ «ቁጭ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል» ቢሉህ፣ ተነስና ተመለስ።

ጧት ማንም ሳይገባ ቀድመህ እንደምትደርስ አጎትህም አልካደም። ጎበዝ ነህ፤ ይህን እኔ ላንተ አልነግርህም፣ አስተማሪዎችህ ሁሉ የነገሩኝ ነው። «ሥራዬን እኮ ጧት እጨርሳለሁ» ትለኝ ይሆናል። እኔም እንደዚሁ እል ነበር።

ታሪኩን ግማሹን ታውቀዋለህ። መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት ሚዛን ላይ እንደቆምኩ፣ በዚያች ደመወዝ አንተንና እህትህን እንዳሳደግኩ፣ እናትህ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቁሩንና የተበላውን ፍሬ ስትለቅም እዚያው እንደተዋወቅን ታውቃለህ። ያልነገርኩህ ግማሽ አለ።

1986 ዓ.ም. ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአጋሮ መጥቼ ሚዛን ላይ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ገበሬው በፈረሱላ ይነግረኛል፣ እኔ በ17 እያባዛሁ ኪሎውን እጽፋለሁ፤ ከዚያ በቀር ሥራ የለኝም። የመጋዘኑ ቡና ቀማሽ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጓዳ በምታህል ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ሲቀምሱ፣ ቡናውን በማንኪያ ስበው የሚያስገቡበት ድምፅ ሚዛኑ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ጆንያ ሲወርድ ገና ሳይፈታ «ይሄ ሻግቷል» አልኩ። ተፈታ፣ እውነትም ሻግቷል። ጋሼ ሰሙ። ጠሩኝና «አፍንጫ አለህ። ከምሳ በኋላ ና፣ ማንኪያ እሰጥሃለሁ» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይቀዳሉ። ለምን አምስት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ አራቱ ንጹሕ ሆነው አምስተኛው ሊሸት ይችላል፣ አንዲት የተበላሸች ፍሬ ትበቃለች። ሲሞቅ ጥሩ የመሰለ ቡና ደግሞ ሲበርድ ጉዱን ያወጣል። ስለዚህ ጋሼ አንዴ ቀምሰው አይነሱም። ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይቀምሳሉ፣ ደግሞ ይጠብቃሉ። «ቸኩሎ የተነሳ ቀማሽ የገበሬውንም የነጋዴውንም ገንዘብ በልቶ ነው የተነሳው» ይሉኝ ነበር። ይህን አንተ ዛሬ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ፤ በትምህርት ነው የተማርከው።

በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን ጓደኞቼ ለበርጫ ጠሩኝ። ዛሬ ብቻ ብዬ ሄድኩ። ጫት የቃመ አፍ ይደርቃል፣ ይመራል፣ ቡና አይለይም፤ ስለዚህ በማግስቱም አልሄድኩም። ሰኞ አፈርኩ። ማክሰኞ ያፈርኩት ይበልጥ በዛ፤ ሄጄ ምን እላለሁ አልኩ። ከዚያ ከሰዓት በኋላዬ ሁሉ በዚያው ሄደ፣ ምሳ፣ በርጫ፣ ወሬ፣ ከዚያ መሽቶ ቤት። ጋሼ አልተቆጡኝም። አንድ ቀን በሩን ሳልፍ ቀና ብለው አዩኝና «ማንኪያህ አለ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ሰው ፊት ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ «እሺ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ።

አለፍኩ፤ ይኸው ነው።

ማንኪያዬን ጆንያ ይሸከም የነበረ ልጅ ያዘው። ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ጅማ ውስጥ አንድም ዘመድ ያልነበረው ልጅ ነው። ማንም ሳይልከው ከሰዓት በኋላ እየመጣ ሲኒ ያጥብ ጀመር። ሁለት ዓመት ሲኒ አጠበ። ከዚያ ናሙና መቁላት፣ ከዚያ መፍጨት፣ ከዚያ ከጋሼ ቀጥሎ መቅመስ። ሸክሙንም አልተወም፤ ጧት ይሸከማል፣ ምሳውን ቆሞ በልቶ እጁን ታጥቦ ይገባል። እኔ ከሚዛኑ ሆኜ አየዋለሁ። አንድም ቀን ሲቀር አላየሁም። ጋሼ ታመው ሲተኙ በርጩማዋ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። በኋላ ላኪዎች ወሰዱት፣ አዲስ አበባ ገባ፣ አሁን የጥራት ኃላፊ ሆኖ ስንት የተማረ ሰው ያዛል። ጅማ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ አይሄድም። አፍንጫው ከእኔ አይበልጥም ነበር ልጄ። ይህን በቅናት አይደለም የምነግርህ፤ ጋሼ ራሳቸው ነግረውኛል።

እንግዲህ አንተ መስከረም ላይ ደውለህ «አባዬ፣ ቡና ቀማሽ ሆኜ ልማመድ ተቀጠርኩ» ስትለኝ ዝም ያልኩህ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል። ከፍቶኝ መስሎህ እንደነበር እህትህ ነግራኛለች። አልከፋኝም። አልቅሼ ስለነበር ድምፄን እንዳትሰማ ነው።

ከምሳ በኋላ ተመለስ።

ጓደኞችህ «ያለ ዘመድ ዕድገት የለም» ይሉሃል፤ ሰምቻለሁ፣ አንተም ባለፈው ፋሲካ ብለኸዋል። ውሸት ነው አልልህም። ዘመድ ያለው ቀድሞ ሲገባ፣ የለፋው ሲዘለል በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያበሳጫል። ግን አምስት ሲኒ ተደርድሮ የሻገተው የትኛው ነው ሲባል ዘመድ ቀርቦ አይቀምስልህም። ያ የሸክም ልጅ ማን ነበረው?

አሁን ደግሞ የምትይዘው ነገር ልንገርህ። የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሳለሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አንብቤዋለሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። አንተ ገና አልጨረስከውም፤ በዚህ ጊዜ ለሥራው አይሆንም ካሉህ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሃል፣ ካሳም የለም። ከዚያ በኋላም ቢሆን በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ይባረራል። ብዙ ወጣት ከሥራ ሲወጣ ደብዳቤ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ያንተን እንዳታስጽፈኝ።

ሰኞ ጧት አለቃህ ዘንድ ግባ። ሰበብ አታብዛ። «አጥፍቻለሁ፣ አይደገምም» በል፣ ከዚያ አትድገም። ምሳህን ቋጥረህ ሂድ። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ የበዛበት አትብላ፣ ሽቶ አትቀባ፣ ይህን ግን ታውቃለህ። ሲኒ ማጠብ ካለ አንተ እጠብ፤ ዲግሪ አለኝ አትበል። ሌላው ሲነሳ አንተ እስኪበርድ ጠብቅ። ያየኸውን በደብተር ጻፍ፣ የቀመስከውን ቀን፣ ቡናው ከየት እንደመጣ፣ አለቃህ ምን እንዳሉ፣ አንተ ምን እንዳልክ። የተሳሳትከውን ከታች አስምርበት።

የማትመለሰው በጫት ከሆነ ንገረኝ። አልቆጣም ብዬ አልዋሽህም፤ እቆጣለሁ። ግን ንገረኝ። ሌላ ነገር ከሆነም፣ ከሰው ጋር ተጣልተህ፣ ታመህ፣ ኪራይ ጎድሎህ አንዱን ልትበደር እየዞርክ ከሆነም ንገረኝ። ገንዘብ ከሰው አትበደር። እኔ ብዙ የለኝም፤ ለኪራይ የሚሆን ግን አላጣም። በአጎትህ በኩል ስለ ልጄ መስማት አልፈልግም።

እናትህ በሶና አንድ ጀሪካን ማር አዘጋጅታለች። ቅዳሜ ጧት በሚወጣው መኪና እልካለሁ፤ ሾፌሩ አየር ጤና ሲደርስ ይደውልልሃል፣ ስልክህን አትዝጋ። ግማሹን ማር ለአጎትህ ስጥ። አትቆጣው፣ ስለሚወድህ ነው የነገረኝ። ጃኬትህን እዚህ ረስተኸዋል፣ አብሮ ይመጣል፤ ኪሱ ውስጥ ያገኘኋትን የድሮ ፎቶ ግን እኔ ጋ አስቀርቻታለሁ፣ ጅሬን አባ ጅፋር ግቢ እጄን ይዘህ የቆምክባትን።

እሁድ ማታ ደውልና ከእናትህ ጋር በደንብ አውራ፣ አትቸኩል፣ ስለ ጉልበቷም ጠይቃት፣ እኔ ነገርኩህ እንዳትላት። እኔ ደግሞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ። ማክሰኞም እደውላለሁ፣ ረቡዕም። አታንሳው። ካነሳኸው መቅመሻ ክፍሉ ውስጥ የለህም ማለት ነው።

አባትህ
ጅማ፣ ኅዳር